የግቢ ዛፍ ከመቁረጥ በፊት፤ ስለ ፈቃድ አጠያየቅ የተሰጠ ትምህርት



ዛፍ ለገበሬ እንደ ጎተራ ነው። ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲታደስ ወይም ለማዳበሪያ ገንዘብ ሲቸግር ዐይን የሚያርፈው በግቢው ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ «በገዛ ግቢዬ የበቀለውን ዛፍ ለመቁረጥ ማንን አስፈቅዳለሁ?» የሚል ጥያቄ በየቀበሌው ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን በየተራ እንመለከታለን።

1. ዛፉ የማን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረት የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። እንግዲህ ተክላችሁ፣ ኰትኵታችሁና ከከብት ጠብቃችሁ ያሳደጋችሁት ዛፍ ሀብታችሁ ነው። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድ እንኳ ዛፉ ተቈጥሮ ካሣ ይታሰብበታል።

ይሁን እንጂ ሀብት ሁሉ ሥርዓት አለው። በሬ የራስ ንብረት ሲሆን ገበያ ላይ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፤ ይህም የተሰረቀው ካልተሰረቀው እንዲለይ ነው። የዛፍም ፈቃድ እንዲሁ ነው። አሁን የሚሠራበት ሕግ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ሲሆን፣ ዝርዝሩን ክልሎች በየራሳቸው ደንብና መመሪያ ያወጣሉ። ስለዚህ በአንዱ ወረዳ የተሠራበት በሌላው እንደዚያው ይሆናል ብሎ መገመት አይገባም።

2. መጥረቢያ ከማንሣት በፊት ሦስት ነገሮችን መርምሩ

ሀ. የዛፉ ዐይነት። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ተተክለው ለሽያጭ የሚውሉ ናቸው። አገር በቀል ዛፎች ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በሌላ ቢተካም እነዚህ ዛፎች ዛሬም በባለሙያ ዐይን የሚጠበቁ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቢቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጽድ ግን ከተቈረጠ ከጉቶው አይመለስም፤ አዲስ ችግኝ ተተክሎ ብዙ ዘመን መጠበቅ ግድ ይሆናል። በተጨማሪም የግቢው ዋንዛ ከጫካ ከተሰረቀው ዋንዛ ተሰንጥቆ ሲታይ ልዩነት የለውም። የሚለየው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ለ. የቆመበት ቦታ። ዛፉ በወሰን ላይ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ሳይስማሙ መቁረጥ ጠብ ያመጣል። በምንጭ ዳር ወይም በቦረቦር አፋፍ ከሆነ ሥሩ አፈሩን ይዟልና ባለሙያ ይየው። በመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ አስቀድሞ ለመብራት ኀይል ሰዎች ማስታወቅ ነፍስ ያድናል።

ሐ. የእንጨቱ መድረሻ። በግቢ ውስጥ ለቤት ማገርና ለአጥር የሚውል እንጨትና ተጭኖ ወደ ከተማ የሚሄድ እንጨት አንድ አይደሉም። መንገድ የሚወጣ ጣውላ፣ ማገዶና ከሰል ኬላ ላይ የማዘዋወሪያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። የመቁረጫ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ለመጫን አይበቃም።

3. ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

አስቀድሞ ወደ ቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሂዱ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን ያዙ። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ይስማሙ። በማመልከቻው ላይ የዛፉ ዐይነትና ብዛት፣ የቆመበት ቦታ፣ የሚቈረጥበት ምክንያትና እንጨቱ የሚሄድበት ስፍራ ይጻፍ። ባለሙያው ዛፉን በቦታው አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል። የቃል ፈቃድ አይበቃም፤ ቀንና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ተቀበሉ። ክፍያ ከተጠየቃችሁ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቍጥር በላይ አንድም ዛፍ አትቍረጡ።

4. ፈቃድ ዋጋን ይጠብቃል

ሁለት ጎረቤታሞች በየግቢያቸው አንዳንድ ዋንዛ አላቸው እንበል። አንደኛው ገንዘብ ቸግሮት ሳያስፈቅድ ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ሻጩ ወረቀት እንደሌለው ስለሚያውቅ ዋጋውን ይሰብራል፤ ሻጩም ከተቈረጠ በኋላ እምቢ ለማለት አቅም የለውም። እንጨቱ ኬላ ላይ ቢያዝ ነጋዴው ቀሪውን ገንዘብ ይከለክላል፤ ክሱም ወደ ባለዛፉ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ግን ፈቃዱን አስቀድሞ ይይዛል፤ ዛፉ ቆሞ ሳለ ከአንድ በላይ ነጋዴ ያነጋግራል፤ ዋጋው ካልተስማማው ይተዋል። የቆመ ዛፍ አይበሰብስም፤ እንዲያውም ያድጋል።

ስለዚህ «ፈቃዱን እኔ አወጣለሁ፤ አንተ ብቻ ቍረጥ» ለሚል ነጋዴ ዛፍ አትሽጡ። በይዞታው ላይ የሚጠየቀው ባለይዞታው ነውና።

5. ከተቈረጠ በኋላ

ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ጉቶው ከመሬት ግማሽ ስንዝር ያህል ይቅር፤ ቁርጡም ውሃ እንዳያቍር ዘንበል ይበል። በአገር በቀሉ ዛፍ ፋንታ በክረምት ከአንድ የሚበልጡ ችግኞች ተክላችሁ እጠሯቸው። የፈቃዱን ወረቀት ከይዞታ ደብተሩ ጋር አስቀምጡ፤ በሌላ ጊዜ ስትጠይቁ ሥርዓት ጠባቂ መሆናችሁን ይመሰክርላችኋል።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በግቢያችሁ ካሉት ዛፎች ከጉቶው የማያቈጠቍጠው የትኛው ነው?
2. የመቁረጫ ፈቃድና የማዘዋወሪያ ፈቃድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. ዛፍ ከመሸጥ በፊት ፈቃድ መያዝ ዋጋን እንዴት ይጠብቃል?

ማንበብ የሚችል ልጅ ይህን ትምህርት ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ ያንብብላቸው።