ስኪዞፍሬኒያና በሽታ ተከላካዩ የሰውነት ሥርዓት

ከሺንሺቾ ተነስቶ በሆሳዕናና በወራቤ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተማሪ ቡታጅራን ያቋርጣል። የዚህች ከተማ ስም በዓለም የአእምሮ ሕክምና ጽሑፎች ደጋግሞ እንደሚነሳ የሚያውቅ ተጓዥ ግን ጥቂት ነው። ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት ዞረው ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ፤ 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንንም ለዩ። የሌለ ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት፣ ከሰው መሸሽና የፍላጎት መጥፋት የዚህ ሕመም ምልክቶች ናቸው።

ለመሆኑ ይህን ከበሽታ ተከላካይ ሥርዓት ጋር ምን አገናኘው? በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ የመከላከያ ዘረ መሎች ተሰባስበው የሚገኙበት ክፍል አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዚህ ክፍል ውስጥ ሲ-4 የተባለውን ዘረ መል ነጥሎ አሳየ። የሲ-4 ፕሮቲን ተሕዋስያንን «ይህ ይበላ» ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል። በአይጦች አንጎል ውስጥ ደግሞ የነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎችን በማስወገድ ሥራ ይሳተፋል። ገበሬ ቡናውን እንደሚገርዝ አንጎልም በጉርምስና ዘመን ትርፍ መገናኛዎቹን ይቀንሳል፤ መላምቱ ግረዛው ከልክ ሲያልፍ ሕመም ይከተላል የሚል ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱን ልብ እንበል። ሕመሙ ከ1,000 ሰዎች 7ቱን የሚይዝ ቢሆን፣ አደጋውን 1.3 ጊዜ የሚያሳድግ ዘረ መል ቁጥሩን ወደ 9 ያደርሰዋል። የቀሩት 991 ያንኑ ዘረ መል ይዘው አይታመሙም። «በዘራቸው አለ» ተብሎ ጋብቻ የሚፈርስበት ምክንያት በዚህ ሚዛን ሲታይ እጅግ ቀላል ነው።

የብግነት ጉዳይ ይበልጥ ያከራክራል። በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥ እንደ ኢንተርሊኪን-6 ያሉ የብግነት ምልክቶች በአማካይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ይሁንና እኛ የፊዚክስ ሰዎች እንደምንለው ቴርሞሜትር ሙቀትን እንጂ የሙቀቱን መነሻ አይናገርም፤ ሲጋራ፣ ውፍረትና ኢንፌክሽንም ያንኑ ንባብ ይሰጣሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከቡታጅራ የወጣ ጥናት በሕሙማን ዘንድ የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተሕዋስ መጋለጥ ከጤነኞች በልጦ አግኝቷል። ተሕዋሱ ከሕመሙ ቀደመ ወይስ ሕመምተኛው ኑሮው ተጎሳቁሎ ተጋለጠ? እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ምርመራ ይህን አይለይም። ብግነትን ይቀንሳል የተባለው ሚኖሳይክሊን የተሰኘ ፀረ ባክቴሪያም በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ የብሪታኒያ ሙከራ ሕሙማኑን አልጠቀመም። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ትቶ ከፋርማሲ ፀረ ባክቴሪያ የሚገዛ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ይጎዳል።

የዘረ መል መረጃው በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች ነበር። ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ግን በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከሕሙማንና ከጤነኞች ምራቅ ሰብስቧል። የአፍሪካውያን የዘር ልዩነት ሰፊ በመሆኑ ሌላው ዓለም ያላየው ዘረ መል ከዚያ ምራቅ ሊገኝ ይችላል።