የኋላ አክስል ኦይል ሲል ስለምን ደጋግሞ ያፈሳል? በኩሽኔታና በኦይል ሲል ለውጥ ጊዜ የሚዘለሉ ሁለት ፍተሻዎች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በከባድ የጭነት መኪና የኋላ ጎማ ላይ ዘይት ሲታይ የተለመደው እርምጃ ያፈሰሰውን ኦይል ሲል አውጥቶ አዲስ መትከል ነው። ሆኖም አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ሲያፈስ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ኦይል ሲሉ ብዙ ጊዜ የሌላ ጉድለት ምስክር እንጂ የጉድለቱ ምንጭ እንዳልሆነ ያሳያል። ለዚህም በአክስሉ መተንፈሻ መደፈንና በኩሽኔታ ልክ አለመጠበቅ ላይ ያተኩራል። ትንተናው የተመሠረተው በመስክ ቆጠራ ላይ ሳይሆን በክፍሎቹ አሠራርና በቀላል ስሌት ላይ ነው።

1. መግቢያ

የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይተላለፋል። በመንገድ የሚጓጓዘው ጭነት በአንድ ጉዞ ከባሕር ወለል ተነሥቶ፣ የአፋርን ሞቃት ሜዳ አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ ይወጣል። ባዶውን ወይም የወጪ ንግድ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ከፍታ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ጤንነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ከአክስሉ የሚያፈስ ዘይት ደግሞ የመጀመሪያ ማረፊያው የፍሬን ሸራ ነው። በዘይት የራሰ ሸራ ታምቡሩን አጥብቆ መያዝ ስለማይችል መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ የቀሩት ጎማዎችም ከድርሻቸው በላይ ይሸከማሉ። ስለዚህ የኦይል ሲል ፍሳሽ በዘይት ብክነት ብቻ የሚለካ ጉዳይ አይደለም።

2. የክፍሎቹ አሠራር

በከባድ የጭነት መኪና የኋላ አክስል ላይ ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ጫፍ ነው። ሞዞው በዚህ ጫፍ ላይ በሁለት ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታዎች ተቀምጦ ይዞራል፤ አክስል ሻፍቱ የማዞር ኃይል ከማስተላለፍ በቀር ጭነት አይሸከምም። ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ የኩሽኔታ ዓይነት ከላይ የሚመጣ ክብደትንና በመታጠፊያ ላይ ከጎን የሚመጣ ግፊትን ባንድነት ይሸከማል። ዋጋው ግን አለ፤ ሾጣጣ ቅርጽ ስላለው ትክክለኛ ልኩ የሚገኘው ዳዶውን በማጥበቅና በማላላት ነው። ልኩን የሚወስነው ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን የመካኒኩም እጅ ነው ማለት ነው።

ኦይል ሲሉ በጎማ ከንፈሩ የሚዞረውንና የማይዞረውን ክፍል ያገናኛል። በአንዳንድ መኪናዎች ኩሽኔታዎቹ የሚለሰልሱት ከዲፍሬንሻሉ በሚመጣ ዘይት ነው። በሌሎች ደግሞ ሞዞው በግራሶ ይሞላል፤ ሲሉም የዲፍሬንሻሉን ዘይት ከግራሶው ይለያል። በሁለተኛው ዓይነት የሚያፈስ ሲል ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ዘይቱ ግራሶውን አቅጥኖ ያጥባል፤ ኩሽኔታውም ይደርቃል።

3. የመጀመሪያው ፍተሻ፦ የአክስሉ መተንፈሻ

በአክስሉ ቤት አናት ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ የውስጡን አየር ከውጭው አየር ጋር ታመጣጥናለች። በጭቃና በአቧራ ስትደፈን ምን እንደሚከተል በስሌት ማየት ይቻላል። መተንፈሻዋ በባሕር ወለል ላይ፣ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ተደፍና ነበር እንበል። በዚያ ጊዜ የውስጡም የውጭውም ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። የአክስሉ ሙቀት 85 ዲግሪ ሲደርስ የውስጡ ግፊት ወደ 117 ኪሎ ፓስካል ያድጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የውጭው ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው። በሲሉ ላይ የሚያርፈው ልዩነት እንግዲህ ወደ 41 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፤ ከዚህም ውስጥ 25ቱ ከከፍታው ብቻ የሚመጣ ነው።

ይህ ምንም ፍሳሽ የለም ተብሎ የተሰላ የላይኛው ወሰን ነው። ይሁን እንጂ አቅጣጫው ግልጽ ነው። የአክስል ሲል ግፊት እንዲገታ ሳይሆን ዘይት እንዲይዝና ቆሻሻ እንዲከላከል የተሠራ በመሆኑ፣ ዘይቱ በደካማው ከንፈር በኩል መውጫ ያገኛል። በመልስ ጉዞ ተቃራኒው ይከሰታል። ደጋ ላይ የተደፈነ ቀዝቃዛ አክስል ወደ ቆላ ሲወርድ የውጭው ግፊት ስለሚበልጥ፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ወይም ውኃ ሲያቋርጥ፣ አቧራና እርጥበት በከንፈሩ በኩል ወደ ውስጥ ይሳባሉ። የወጣው ዘይት ለዓይን ይታያል፤ የገባው ውኃ ግን ኩሽኔታው ዝጎ እስኪጮህ ድረስ አይታይም። መተንፈሻውን አውጥቶ ማጠብ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

4. ሁለተኛው ፍተሻ፦ የዘንግ ክፍተት

የዘንግ ክፍተት ሞዞው በአክስሉ ዘንግ አቅጣጫ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንቀሳቀስበት መጠን ነው። በሰሜን አሜሪካ የከባድ መኪና ጥገና አሠራር ተቀባይነት ያለው መጠን ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ሲሰፋ ሞዞው እየዘመመ ስለሚዞር የሲሉ ከንፈር በአንድ ወገን ይጨፈለቃል፤ በሌላው ይላቀቃል። ሲጠብ ደግሞ ሮለሮቹ ይግላሉ፤ ዘይቱ ይሳሳል፤ ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። መጨረሻው ኩሽኔታው መንከሱ፣ ከዚያም ጎማው ከነሞዞው መውጣቱ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ክፍተት የላይኛው ወሰን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ጎማውን በእጅ ነቅንቆ «ደኅና ነው» ማለት ግልጽ ልቅነትን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ልኩን ሊያረጋግጥ አይችልም። ከመጠን በላይ መጥበቁንማ እጅ ጨርሶ አይለየውም፤ የጠበቀ ሞዞ ለሚነቀንቀው ሰው ፍጹም የተስተካከለ ይመስላል።

5. የለውጡ ቅደም ተከተል

መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ጎማዎቹ ከታገዱ በኋላ አክስሉ በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያርፋል። አክስል ሻፍቱ፣ ዳዶዎቹና ሞዞው ሲወጡ ኩሽኔታዎቹ ይታጠባሉ፤ በአየር ግፊት ማሽከርከር ግን አደገኛ ነው። የተላጠ፣ የተቦረቦረ ወይም በሙቀት ቀለሙ የተለወጠ ኩሽኔታ ይጣላል። ውስጠኛውና ውጨኛው ቀለበት ባንድነት ይለወጣሉ፤ አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ሮለር ማስቀመጥ አዲሱን ማበላሸት ነው። የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበት ቦታ በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ፣ ያ ቦታ ሳይታደስ የሚተከል ሲል ዕድሜ አይኖረውም። ሲሉ ራሱ ቀጥ ብሎ በመትከያው ይገባል እንጂ በመዶሻ ዙሪያውን አይመታም። በዘይት የራሰ የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ ሚዛኑ እንዲጠበቅ የግራና የቀኙ ባንድነት ይለወጣል።

በተለመደው የማስተካከያ ዘዴ፣ ጎማው እየተሽከረከረ ዳዶው በ271 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ አንድ ሙሉ ዙር ይላላል፤ እንደገና በ68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ በመጨረሻም እንደ ጥርሱ ዓይነት በሚወሰን የዙር ክፍልፋይ ይላላል። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ቁጥር ካለው የሚጸናው እርሱ ነው። መቆለፊያው ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ክፍተቱ በዳያል ጌጅ ይለካል፤ መቆለፊያው ሲጠብቅ ክፍተቱን ስለሚለውጥ ከዚያ በፊት የተደረገ ልኬት አይበቃም።

በዘይት በሚለሰልስ ሞዞ አንድ እርምጃ ይቀራል። ኩሽኔታዎቹ አስቀድመው በዘይት ይቀባሉ፤ ከዚያም አክስሉ በአንድ ወገን ከፍ ተደርጎ ዘይቱ ወደ ሌላው ሞዞ እንዲፈስ ይጠበቃል፤ በሌላውም ወገን ይደገማል። የዲፍሬንሻሉ ዘይት መጠን የሚታየውና የሚሞላው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ከተዘለለ አዲሱ ኩሽኔታ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በደረቁ ይሄዳል።

6. ማጠቃለያ

የሚያፈስ ኦይል ሲል የሚጠይቀው አዲስ ሲል ብቻ አይደለም፤ ለምን እንዳፈሰሰም መልስ ይሻል። መተንፈሻው ሳይጸዳና የዘንግ ክፍተቱ ሳይለካ የተደረገ ለውጥ ችግሩን ለቀጣዩ ጉዞ ያሳድረዋል። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ጋራዦች የተለካውን የዘንግ ክፍተት በእያንዳንዱ ጎማ በሥራ ካርድ ላይ ቢመዘግቡ ተደጋጋሚ ፍሳሽን ከመንስኤው ጋር ማገናኘት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በሚመላለሱ መኪናዎች የመተንፈሻ ጽዳት ከዘይት ለውጥ ጋር ባንድ መርሐ ግብር ሊካተት ይገባል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲከማች፣ እዚህ በስሌት የቀረበው የከፍታ ውጤት በመስክ መረጃ ሊፈተን የሚችል የምርምር ጥያቄ ይሆናል።