አረጋዊ ሲወድቅ ምን እናድርግ?



በየቤታችን አያት ወይም በዕድሜ የገፋ ዘመድ አይታጣም። ወጣት ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል፤ አረጋዊ ሲወድቅ ግን ዳሌው ሊሰበርና ከአልጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የዳሌ ስብራት ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚደረግለትና እንዴት እንደምንጠነቀቅ በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

የዳሌ ስብራት የሚባለው የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ መሰበር ነው። የዚህ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በዳሌ ጕድጓድ ውስጥ ይዞራል፤ ከራሱ በታች ያለው ቀጭን ክፍል አንገት ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ ይልቁንም በሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይፈጥናል። ለራሱ ደም የሚያደርሱት ሥሮች አብዛኞቹ በአንገቱ በኩል ስለሚያልፉ፣ አንገቱ ሲሰበር ራሱ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል።

የወደቀው ሰው መቆም ካቃተው፣ ብሽሽቱን ካመመው፣ እግሩም አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ስብራት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። አንዳንዱ ግን ተሰብሮም ጥቂት ይራመዳልና ሕመሙ ካልተወው በራጅ መታየት አለበት።

በአገራችን ሰው ሲወድቅ ወጌሻ መጥራት የቆየ ልማድ ነው። ወጌሻ የሚረዳበት ጊዜ እንዳለ አልክድም፤ ነገር ግን ይህን ስብራት ማሸትም መጎተትም አያቃናውም፤ ሕመሙን ያብሳል፣ ጊዜም ያባክናል። የሚገባው እግሩን ሳያንቀሳቅሱ በትራስ ደግፎ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1925 ስሚዝ ፒተርሰን የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተሰበረውን አንገት ሦስት ክንፍ ባለው የብረት ችንካር ማያያዝ ጀመረ። ዛሬም ሐኪሞች እንደ ስብራቱ ዓይነት አጥንቱን በብረት ያያይዙታል፣ ወይም ራሱን አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። ቀዶ ሕክምናው በ2 ቀን ውስጥ ቢደረግ፣ በሽተኛውም በማግሥቱ ተደግፎ ቢነሣ ይመረጣል። «ተኝተው ይረፉ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ መተኛት የሳንባ ምች፣ የጀርባ ቁስልና የደም መርጋት ያመጣል። የብዙ አገሮች ጥናት እንደሚያስረዳው ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከ5ቱ አንዱ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጡት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ እኛ ተማሪዎች በቤታችን ልናደርገው የምንችለው ይህ ነው፦

1ኛ/ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ ከጕዝጓዝ፣ ከሽቦና ከፈሰሰ ውሃ ማጽዳት፤ ሌሊትም መብራት ወይም ባትሪ ከራስጌያቸው ማኖር።

2ኛ/ ለኪዳን ወይም ለሱብሒ ጸሎት በጨለማ ሲወጡ ክንዳቸውን መደገፍ፤ የሚንሸራተት ጫማ ማስቀየርና ምርኩዝ መስጠት።

3ኛ/ ዓይናቸው ሞራ እንዳለበት ማስመርመር፤ የሚያዞራቸው መድኃኒት ካለም ለሐኪም መንገር።

4ኛ/ በየቀኑ እንዲራመዱና ፀሐይ እንዲሞቁ ማበረታታት፤ ወተት፣ በጾምም ወራት የጤፍ እንጀራና ጎመን ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም ይሰጣሉና ከገበታቸው አለማጕደል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ማስተዋልን ይጠይቃል። እኛ መራመድ ስንማር እጃችንን የያዙን እነርሱ ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የእኛ ነው።