ያረረው በርበሬ፦ ከኮሮና በኋላ ስለሚጠፋው የማሽተትና የመቅመስ ችሎታ

መግቢያ

ስለ አምስቱ የስሜት አካላት ስንማር ዓይንና ጆሮ ብዙ ገጽ ይይዛሉ፤ አፍንጫና ምላስ ግን ቶሎ ይታለፋሉ። እኔም ለፈተና ያህል ብቻ ነበር የማጠናቸው። ሐሳቤን የቀየረው በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ እሱን መነሻ አድርጌ የተማርኩትን ለማካፈል እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዴት ጀመረ?

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት እኔ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ 9ኛ ክፍል እማር ነበር። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከቡሬ ወጣ ባለ ገጠር ስለሆነ ስንቄ ከዚያ ነው የሚመጣልኝ። አንድ ቀን የመጣልኝ በርበሬ ያረረ ሆነ። ገረመኝ። የቡሬ በርበሬ በአገር የታወቀ ነው፤ እናቴ ደግሞ በርበሬ አዘጋጅታ በመሸጥ ነው እኔን የምታስተምረኝ።

ለበዓል ስሄድ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። «ከዚያ ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጨዉ ይታወቀኛል፣ ሚጥሚጣውም ያቃጥለኛል፤ ሌላው ግን ገለባ ነው።» ደንበኞቿ እንዳይሸሿት ፈርታ ወራት ሙሉ ደብቃለች። ጎረቤት የሰሙት ሁለት ሰዎች ደግሞ አንዷ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሽታ ሰጥታታለች፣ ሌላዋ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ አጥናታለች። ለውጥ አልመጣም። ምርመራ ስላላደረገች ኮሮና ነበር ብዬ አልደመድምም፤ ሌሎች የጉንፋን ቫይረሶችም ማሽተትን ሊያጠፉ ይችላሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሽታን የሚቀበሉት ነርቮች በአፍንጫችን ውስጥ ላይኛው ጣሪያ ላይ ይገኛሉ። በዙሪያቸው የሚደግፏቸውና የሚንከባከቧቸው ሴሎች አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ቫይረሱ የሚጣበቅበት ኤሲኢ 2 የተባለው ፕሮቲን በብዛት የሚገኘው በነርቮቹ ላይ ሳይሆን በደጋፊ ሴሎቹ ላይ ነው። ደጋፊዎቹ ሲጎዱ ነርቮቹም ሥራቸውን ያቆማሉ። አፍንጫ ሳይደፈን ሽታ ድንገት የሚጠፋው ለዚህ ነው።

የእናቴ አነጋገርም ትክክለኛ ባዮሎጂ ሆኖ አገኘሁት። ምላስ በዋናነት የሚለየው ጨው፣ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም ነው። የኮረሪማውን፣ የበሶብላውንና የለጋውን ቅቤ ቃና የሚሰጠን ስናኝክ ከጉሮሮ በስተኋላ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ነው። ማቃጠል ደግሞ በሌላ የፊት ነርቭ የሚሄድ የሕመም ስሜት ነው። በርበሬው ሲያር እናቴን ያስላት ነበር፣ ግን አይሸታትም ነበር። በርበሬ ሳያርም ስለሚያስል በሳሉ መለየት አልቻለችም።

ከዚያስ?

አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ የአንዳንዱ ግን ወራት ወይም ዓመታት ይፈጃል። ነርቮቹ እንደገና ሲያድጉ ሽታው ተዛብቶ ሊመጣ ይችላል። እናቴም ከወራት በኋላ ቡና ስትቆላ «የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ» ብላ ምጣዱን አውርዳለች። ይህ ብዙ ጊዜ የማገገም ምልክት ነው።

በሕክምና ባለሙያዎች የሚመከረው የማሽተት ልምምድ ነው። በጀርመን አገር በድሬስደን ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አራት ሽታዎችን ተጠቅሟል፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ10 ሴኮንድ ያህል፣ ምን እንደሆነ እያስታወሱ፣ ለ12 ሳምንት ማሽተት ነው። ሁሉንም ሰው አያድንም፤ ነገር ግን ጉዳት የለውም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ከአራቱ ሦስቱ በእኛ ቤትና ደጃፍ አሉ፤ በጽጌረዳው ፋንታ እናቴ ጤና አዳም ተጠቀመች። የፈላ ውኃ መታጠን ግን ሊያቃጥል ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ማሽተት የማይችል ሰው የተበላሸ ወተት ሊጠጣ፣ ነጭ ጋዝን ከውኃ ሳይለይ ሊያነሳ፣ እሳት መነሳቱንም ዘግይቶ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ለቤተሰብ መናገር ይገባል። እናቴ መደበቁን ከተወች በኋላ ታናሽ እህቴ አፍንጫ ሆነችላት፤ በርበሬ ሲቆላ አጠገቧ ቆማ «በቃ፣ አውጪው» ትላታለች። ደንበኞቿም ተመለሱ።

መደምደሚያ

ዓይኑ የጠፋበትን ሰው ሁሉም ያዝንለታል፤ ሽታ የጠፋበትን ግን «ይሄም በሽታ ሆነ?» ይሉታል። ለእናቴ ግን እንጀራዋ ነበር። ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ ነገ አስተማሪ ስንሆን ይህን ምዕራፍ ቶሎ አንለፈው። አንዲት ሴት ከጉንፋን በኋላ ወጧ ገለባ ሆኖባት ዝም ብላ ተቀምጣ ይሆናል፤ ልጇ ክፍላችን ውስጥ ካለ መልሱን ወደ ቤት ይዞላት ይሄዳል።

እናቴ ዛሬ ጤና አዳሙና ቅርንፉዱ ይሸቷታል። ቡናው ገና ነው። ልምምዱን አላቆመችም።