የተጠበቁ ወረቀቶች ምስክርነት፦ ወይዘሪት ኤግላንታይን ጄብና የጠላት ልጆች

የፍቅር ሥራ በልብ ይጀመራል፤ ምስክሩ ግን ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ይቀራል። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የ«ሕፃናት አድን» ድርጅት ሰነዶች፣ በጄኔቫ ቤተ መዛግብት ደግሞ የዓለም አቀፉ የሕፃናት መርጃ ኅብረት ሰነዶች ተጠብቀው ይገኛሉ። የሁለቱም መሥራች ወይዘሪት ኤግላንታይን ጄብ ናቸው።

ከጋዜጣ የተገኘ እውነት

ወይዘሪት ጄብ በ1876 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ፣ በሽሮፕሸር፣ ከባለርስት ቤተሰብ ተወለዱ። በኦክስፎርድ ታሪክ ተምረው ለጥቂት ጊዜ አስተማሩ፤ በ1906ም ስለ ካምብሪጅ ከተማ ማኅበራዊ ችግሮች መጽሐፍ አሳተሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እኅታቸው ዶሮቲ በክስተን ከውጭ አገር ጋዜጦች የተተረጐመ ጽሑፍ በአንድ የካምብሪጅ መጽሔት ሲያወጡ፣ ወይዘሪት ጄብ በሥራው ረዷቸው። ከዚያም «ጠላት» የሚባለው ሕዝብ ሕፃናት በረኃብ እንደሚሠቃዩ ተረዱ።

አንዲት በራሪ ወረቀት

ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ቢቆምም፣ በጀርመን ላይ የተጣለው የባሕር እገዳ እስከ 1919 አጋማሽ ቀጠለ። በዚያው ዓመት ወይዘሪት ጄብ የተራበ የኦስትሪያ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን በራሪ ወረቀት በለንደን፣ በትራፋልጋር አደባባይ ሲያድሉ ተያዙ። የተከሰሱት ወረቀቱን ለሳንሱር ሳያቀርቡ በማውጣታቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ 5 ፓውንድ ቀጣቸው። የከሰሳቸው ዐቃቤ ሕግ ግን ልቡ ተነክቶ ያንኑ ያህል ገንዘብ ከኪሱ እንደ ሰጣቸውና፣ ይህም ለድርጅቱ የመጀመሪያው ስጦታ እንደ ሆነ ይተረካል። ድርጅቱ በሜይ 19 ቀን 1919 በሮያል አልበርት አዳራሽ በተደረገ ስብሰባ ለሕዝብ ተዋወቀ።

ከሮም የተሰማ ድምፅ

ወይዘሪት ጄብ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 15ኛን እርዳታ ለመጠየቅ አላመነቱም። ቅዱስ አባታችንም በኖቬምበር 24 ቀን 1919 «ፓቴርኖ ያም ዲዩ» በተባለው መልእክታቸው፣ በዲሴምበር 28፣ ሄሮድስ ያስገደላቸው ሕፃናት በሚታሰቡበት ቀን፣ ለመካከለኛው አውሮፓ ሕፃናት ምጽዋት እንዲሰበሰብ አዘዙ። በ1920 በወጣው «አኑስ ያም ፕሌኑስ» ደግሞ ድርጅቱን በስሙ ጠርተው አመሰገኑ።

አምስቱ አንቀጾች

ወይዘሪት ጄብ በ1923 ያረቀቁትን የሕፃናት መብት መግለጫ የመንግሥታት ማኅበር በሴፕቴምበር 1924 ተቀበለው። አገራችን ኢትዮጵያም በ1923 የማኅበሩ አባል ሆና ነበር። የመግለጫው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦

1. ሕፃን በሥጋም በመንፈስም እንዲያድግ የሚያስፈልገው ሁሉ ይሰጠው።
2. የተራበው ይመገብ፤ የታመመው ይታከም፤ የዘገየው ይረዳ፤ የሳተው ይመለስ፤ ወላጅ አልባው መጠለያ ያግኝ።
3. በመከራ ጊዜ እርዳታ በመጀመሪያ ለሕፃን ይድረስ።
4. ራሱን ለመቻል ይብቃ፤ ከብዝበዛም ይጠበቅ።
5. ችሎታውን ለወንድሞቹ አገልግሎት እንዲያውል ሆኖ ይደግ።

በ1984 እና በ1985 በአገራችን የደረሰውን ረኃብ ለሚያስታውስ ሁሉ የሦስተኛው አንቀጽ ትርጕም ግልጽ ነው።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ወይዘሪት ጄብ በ1928 በጄኔቫ ዐረፉ። አሳባቸው ግን በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ላወጡት የሕፃናት መብት ስምምነት መንገድ ጠርጓል። የእርሳቸው ሕይወት የሚያስተምረን የተራበውን ሕፃን አስቀድሞ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አለመጠየቅን ነው። በየቁምስናችን የሚሠራ የምሕረት ሥራም በታማኝነት ይመዝገብ፤ የተሰበሰበው፣ የተሰጠው፣ የተቀበለውም ይጻፍ። ይህም ለውዳሴ ከንቱ ሳይሆን፣ እውነቱ ለሚመጣው ትውልድ እንዲደርስ ነው።

ለውይይት፦
— በአካባቢያችን «የእኛ አይደሉም» ተብለው የተዘነጉ ሕፃናት እነማን ናቸው?
— ወይዘሪት ጄብ በሕዝባቸው ዘንድ የማይወደድ እውነት ለምን ተናገሩ? እኛስ እንዲህ ያለ እውነት ሲገጥመን ምን እናደርጋለን?