ቦብካት ልትገዙ ነው? ከስሙ በፊት አነዳዱን ጠይቁ



ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ወጣ ብለን ስለ ወጪ እናውራ። የሰሊጥም ሆነ የቡና ዋጋ በእጃችን አይደለም። ኩንታሉን ከክምር አንስቶ መኪና ላይ ለመጫን የምናወጣው ብር ግን በከፊልም ቢሆን በእጃችን ነው። ለዚህ ሥራ ትንሹን ሎደር፣ በተለምዶ ሁሉንም "ቦብካት" የምንለውን፣ ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስብ ዩኒየንም ሆነ ላኪ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" ብሎ ነው። ከዚያ መቅደም ያለበት ግን "ማን ይነዳዋል? በየትኛው አነዳድ ነው የለመደው?" የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

📌 ማሽኑ ምንድን ነው?

ትክክለኛ መጠሪያው ስኪድ ስቲር ሎደር ነው። ቦብካት የአንድ አምራች የንግድ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሉዊስና ሲሪል ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች፣ ለአንድ ተርኪ ዶሮ አርቢ ከጠባብ ቤት ውስጥ ኩስ የሚጠርግ ባለ ሦስት ጎማ ሎደር ሠሩ። ሜልሮ የተባለው ኩባንያ የማምረት መብቱን ይዞ በ1960 ባለ አራት ጎማውን ኤም 400 አወጣ። "ቦብካት" የሚለው ስም የመጣው በ1962 ነው። ከጅምሩ የተሠራው ለእርሻና ለጠባብ ቦታ ነው ማለት ነው።

ጎማዎቹ እንደ መኪና አይጠመዘዙም። የግራ ጎማዎች ለብቻ፣ የቀኝ ጎማዎች ለብቻ ይሽከረከራሉ። ግራው ወደ ፊት፣ ቀኙ ወደ ኋላ ከሄደ ማሽኑ ባለበት ወደ ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ መሪ የለውም፤ የሚነዳው በሌቨር፣ በጆይስቲክ ወይም በፔዳል ነው። ልዩነቱ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

📌 ሦስቱ ዋና አነዳዶች

1. እጅና እግር፦ ሁለቱ ሌቨሮች ጎማዎቹን ያንቀሳቅሳሉ፤ ግራው የግራን፣ ቀኙ የቀኝን። ክንዱን ግራ እግር፣ ባልዲውን ቀኝ እግር በፔዳል ይሠራል። የድሮዎቹ ቦብካቶች የሚታወቁት በዚህ ነው።

2. ኤች፦ ሁሉም ሥራ በእጅ ነው። ግራው እጀታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ የግራ ጎማዎችን፣ ወደ ጎን ሲሄድ ክንዱን ያዛል። ቀኙ እጀታ የቀኝ ጎማዎችንና ባልዲውን ያዛል። ኬዝ በዚህ ይታወቃል።

3. አይኤስኦ፦ ግራ ጆይስቲክ ብቻውን ሙሉ ጉዞውን ይመራል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። ቀኝ ጆይስቲክ ደግሞ ክንዱንና ባልዲውን ይሠራል። ካተርፒላር በዚህ ይታወቃል። ኤክስካቫተር የነዳ ኦፕሬተር በጆይስቲክ መሥራትን ስለለመደ ቶሎ ይግባባዋል።

ከነዚህ ውጪ ጌል የተባለው ብራንድ በቲ ቅርጽ እጀታዎች ይታወቃል፤ ግራው ለጉዞ፣ ቀኙ ለክንድና ለባልዲ።

📌 አነዳድ ሲምታታ ምን ይሆናል?

ኤች የለመደ ኦፕሬተር አይኤስኦ ማሽን ላይ ተቀመጠ እንበል። ወደ ቀኝ ለመዞር በልማድ ግራውን እጀታ ይገፋል፣ ቀኙን ይስባል። ማሽኑ ግን አይዞርም። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ክንዱም ሸክሙን ይዞ ወደ ላይ ይነሳል።

ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። አይኤስኦ የለመደ ሰው ኤች ማሽን ላይ ሆኖ ክንዱን ለማውረድ ቀኙን እጀታ ወደ ፊት ይገፋል። ክንዱ አይወርድም፤ የቀኝ ጎማዎች ወደ ፊት ይሽከረከራሉ። ከባልዲው ፊት ጎንበስ ብሎ ጆንያ የሚያነሳ ጫኝ ካለ የሚሆነውን መገመት አያቅትም።

ኦፕሬተሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሲደነግጥ እጁ የሚያደርገው የለመደውን ነው። ለዚህ ነው "ልምድ ያለው ሹፌር ቀጥረናል" ማለት ብቻ የማይበቃው።

📌 ሒሳቡስ?

አደጋ ባይደርስ እንኳ ኪሳራ አለ። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፦ ኪራይ፣ ናፍጣና ኦፕሬተር በቀን 20,000 ብር ቢሆኑና ማሽኑ 2,000 ኩንታል ቢያነሳ፣ በኩንታል 10 ብር ይወጣል። ኦፕሬተሩ አነዳዱ ግራ ገብቶት እየተጠነቀቀ 1,200 ኩንታል ብቻ ቢያነሳ፣ በኩንታል ወደ 16 ብር ከ67 ሳንቲም ይደርሳል። ማሽኑ ያው፣ ናፍጣው ያው፣ ልዩነቱ እጁ ነው። የእናንተን ቁጥር አስገብታችሁ ከጫኝና አውራጅ ክፍያ ጋር አስተያዩት።

📌 አዳዲሶቹ ይቀያየራሉ፣ ግን...

ቦብካት፣ ኬዝና ጆን ዲር በኤሌክትሮ ሃይድሮሊክ ማሽኖቻቸው በአንድ ማብሪያ ከአይኤስኦ ወደ ኤች የሚቀየር አነዳድ ያቀርባሉ። ሁለት ኦፕሬተር በፈረቃ ለሚያሠራ ጥሩ ነው። ግን በየፈረቃው መጀመሪያ ማብሪያው የቱ ላይ እንዳለ ማየት ግዴታ ይሁን። ጠዋት የነዳው ቀይሮት ከሄደ፣ የከሰዓቱ ኦፕሬተር ሳያውቅ ይነሳል።

ጥገናውንም አስቡ። በዘንግ የሚሠራው ሜካኒካል ሌቨር እጅ ያደክማል፤ ግን ሰፈር ያለ ጥሩ መካኒክ ያስተካክለዋል። ኤሌክትሮ ሃይድሮሊኩ ለእጅ ቀላል ነው፤ ሴንሰር ወይም ሽቦ ሲበላሽ ግን መመርመሪያ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ከዋናው ከተማ ርቆ ላለ መጋዘን በመኸር ሰሞን የአንድ ሳምንት መቆም ከባድ ነው።

ጄሲቢ በሌላ ነገር ይለያል። ክንዱ በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ በሩ በጎን ነው። በሌሎቹ ላይ ኦፕሬተሩ የሚገባው ከፊት፣ በባልዲው በኩል ነው። ስለዚህ ክንዱ ተነስቶ ሳለ ያለ ማገጃው ከሥሩ መግባት ክልክል ነው።

📌 አቅሙን በኩንታል ተርጉሙት

ባለ ጎማ ማሽን የሚሰጠው የሥራ አቅም ከሚገለብጠው ክብደት ግማሽ ነው። 1,600 ኪሎ የሚገለብጠው ማሽን የሥራ አቅሙ 800 ኪሎ፣ ማለትም 8 ኩንታል ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። 20 ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ የጫነ ፓሌት 1,200 ኪሎ ነው፤ ለዚህ ማሽን አይሆንም። በፎርክ ሲነሳ ደግሞ ሸክሙ ከማሽኑ ስለሚርቅ አቅሙ ከባልዲው የበለጠ ይቀንሳል።

ከፍ ያለ የጭነት መኪና ለመጫን ክንዱ ቀጥ ብሎ የሚነሳውን ምረጡ። በቅስት የሚነሳው ለመቆፈር፣ ለመግፋትና ለመጥረግ ይመቻል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ይሄ ማሽን ፎርክሊፍትን አይተካም። ጥሩ የሚሆነው ለብትን እህል፣ ለቡና ገለፈት፣ ለኮምፖስትና ለግቢ ሥራ ነው። ሲዞር ጎማው ስለሚፋተግ ጎማም የመጋዘን ወለልም ይበላል። ቡና ሽታ ይስባል፤ ናፍጣ ማሽን በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ጭሱ ለሠራተኛውም ለቅምሻውም ጠንቅ ነው።

📌 ከመፈረማችሁ በፊት

👉 የሚነዳውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ግቢ ውስጥ ባልዲውን ሞልቶ ይሥራበት።
👉 አነዳዱ የትኛው እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። በተለይ የምትከራዩ፣ ሌላ አነዳድ ያለው ማሽን ቢላክ የመመለስ መብት ይኑራችሁ።
👉 አነዳዱን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በሥዕል ጭምር ካቢኑ ውስጥ ለጥፉ።
👉 የመቀመጫ ማገጃው ሲነሳ ክንዱ መቆለፉን ፈትሹ። ካልተቆለፈ አትረከቡ።
👉 የማጣሪያ፣ የጎማና የሃይድሮሊክ ቱቦ መለዋወጫ የት እንደሚገኝ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

የዩኒየን ገንዘብ የአባል ገበሬው ገንዘብ ነው። ስም ያለው ማሽን ተገዝቶ የሚነዳው ጠፍቶ ግቢ ውስጥ ከሚቆም፣ ኦፕሬተራችሁ በሚያውቀው አነዳድ የሚሠራ መካከለኛ ማሽን ይሻላል።

የእናንተ ኦፕሬተር የለመደው የትኛውን ነው? ዛሬውኑ ጠይቁትና በአስተያየት ጻፉልን። ለሚመለከተው የመጋዘን ኃላፊም አጋሩ።

መልካም ገበያ!