ምንጣፉን ሳይሆን መድረኩን ተመልከቺ

ልጄ፣ ተዋናይት መሆን እንደምትፈልጊ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። ልብሽ ቅን ነው፤ ሥራም አትጠየፊም። ግን ችኩል ነሽ። ቃለ ተውኔቱን ይዘሽ ትመጪያለሽ እንጂ አጥንተሽ አትመጪም። በስልክሽ የምታሳዪኝም ዘወትር አንድ ነገር ነው፤ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆመው የሚስቁ፣ ከናይጄሪያ ወላጆች የተወለዱ የለንደንና የአሜሪካ ተዋናዮችን። «እነሱ እንዴት ቻሉ?» ትዪኛለሽ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ምንጣፉ ላይ የለም። የማውቀውን ቁጥር እየሰጠሁ የጻፍኩልሽ እየዘለልሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከካሜራ በፊት መድረክ ላይ ውጪ። ጆን ቦዬጋን በ2015 በ«ስታር ዋርስ» ያየው ብዙ ሰው ልጁ ድንገት ከሰማይ የወረደ መስሎት ነበር። ልጁ ግን ያደገው በደቡብ ለንደን፣ ፔክሃም በሚባል ብዙ ስደተኛ በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከ9 እስከ 14 ዓመቱ፣ ከትምህርት ሲወጣ፣ እዚያው ሰፈሩ ባለው ቴአትር ፔክሃም ይለማመድ ነበር። ቺዌቴል ኤጂዮፎር በ1995፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ከብሔራዊ የወጣቶች ቴአትር ጋር ኦቴሎን ተጫወተ። ፊልም ሠርቶ ስሙ ከታወቀ በኋላም ወደዚያው ኦቴሎ ተመልሶ ለንደን በሚገኘው ዶንማር ዌርሃውስ ተጫወተው፤ በ2008 የኦሊቪየ ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። ሲንቲያ ኤሪቮ «ዘ ከለር ፐርፕል»ን በ2013 የጀመረችው ድሮ የቸኮሌት ፋብሪካ በነበረ ትንሽ የለንደን ቴአትር ቤት ነበር። ብሮድዌይና የ2016ቱ የቶኒ ሽልማት ከዚያ በኋላ መጡ። ካሜራ ፊት ስትሳሳቺ «ድገሚው» ትባያለሽ። መድረክ ላይ ትንፋሽሽ ካጠረ የኋላ ወንበር የተቀመጠው አይሰማሽም፤ ቃሉ ከጠፋብሽም መጋረጃው አይዘጋልሽም። በዕድሜዬ እንዳየሁት፣ ከመድረክ ወደ ካሜራ የሄደ ሰው የሚማረው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው። ከካሜራ ወደ መድረክ የመጣው ግን ከሀ ሁ ነው የሚጀምረው።

2. ስምሽን አትቁረጪ። ኡዞ አዱባ ሙሉ ስሟ ኡዞአማካ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ስታድግ ልጆቹ ስሟን መጥራት ቢያቅታቸው፣ ቤቷ ገብታ እናቷን «ዞዪ በሉኝ» አለቻቸው። እናትየው ግን ቻይኮቭስኪን፣ ሚኬላንጄሎንና ዶስቶየቭስኪን መጥራት የተማረ ሰው የአንቺንም ይማራል አሏት። ተማሩም። በ«ኦሬንጅ ኢዝ ዘ ኒው ብላክ» አንዲቷን ገጸ ባሕርይ ተጫውታ በ2014 በኮሜዲ፣ በ2015 በድራማ ዘርፍ የኤሚ ሽልማት ሲሰጣት የተጠራው ይኸው ስም ነው። አዴዋሌ አኪኑዬ-አግባጄ የሚባል ተዋናይም አለ፤ ፖስተር የሚሠራው ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር አስቢው፤ እሱ ግን የሚታወቀው በዚሁ ስሙ ነው። የእኛ ልጆች ውጭ ሲወጡ ትርሲትን ትሬሲ ሲያደርጉት ሆዴን ይከፋዋል። ብቻ ስምሽን ያበላሸብሽን ሰው አትቆጪው። ፈገግ ብለሽ አስተካክዪለት፤ ከደገመም ድገሚለት።

3. ወላጆችሽን አታኩርፊያቸው። በዚህ ነገር የናይጄሪያ ወላጅና የእኛ ወላጅ አንድ ናቸው፤ ልጅ ሲባል ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ጠበቃ ነው። ኢቮን ኦርጂን ቤተሰቦቿ ሐኪም ትሆናለች ብለው ሲጠብቁ እሷ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያዘች፤ የታወቀችው ግን በኮሜዲና «ኢንሴክዩር» በተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ወላጅ ይህን የሚለው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ማጣትን ስለሚያውቅ ነው። በክርክር አታሸንፊያቸውም። የመጀመሪያ ትርኢትሽ ሲከፈት ፊት ወንበር አስቀምጪያቸው፤ አባትሽ ምንም ባይናገሩም ሲያጨበጭቡ እጃቸውን አስተውዪ።

4. ትንሽ ሚና ሲሰጥሽ ሰው አድርጊው። ኦርላንዶ ማርቲንስ በ1899 ሌጎስ ተወለደ። ለንደን ሄዶ ለእንጀራው የነጻ ትግል ተጋጣሚ እስከ መሆን ደርሷል። በ1935 «ሳንደርስ ኦፍ ዘ ሪቨር» በተባለው ፊልም ተጫወተ፤ የእንግሊዝን ቅኝ አገዛዝ የሚያሞግስ ፊልም ነበርና ከመሪ ተዋናዮቹ አንዱ ፖል ሮብሰን ራሱ በኋላ ክዶታል። በዚያ ዘመን ጥቁር ተዋናይ የሚፈለገው ጦር ይዞ እንዲጨፍር ወይም ሻንጣ እንዲሸከም ነበር። ማርቲንስ ግን ሥራውን ይዞ ቆየ። በ1949 «ዘ ሄስቲ ሃርት» በተባለው ፊልም በወታደሮች ሆስፒታል የተኛ አፍሪካዊ ሆኖ ሲታይ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ያዩት ግን አልረሱትም። አሁን ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተሻገሪና በ2002 የወጣውን «ደርቲ ፕሪቲ ቲንግስ»ን እዪ። ኤጂዮፎር ኦክዌ የሚባል ናይጄሪያዊ ሐኪም ሆኖ ይጫወታል፤ ሰውዬው ለንደን ውስጥ ያለ ፈቃድ እየኖረ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ሌሊት ሆቴል ውስጥ እንግዳ ይቀበላል። አንዴም እዘኑልኝ አይልም። ዲግሪያቸውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠው ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዱ የእኛ ሰዎች ይህን ፊልም ቢያዩት ትርጉም አያስፈልጋቸውም። የማርቲንስና የኤጂዮፎር ልዩነት የችሎታ አይመስለኝም፤ ልዩነቱ በተጻፈላቸው ነገር ነው። እና ልጄ፣ አራት መስመር ብቻ ቢሰጥሽም ያቺ ሴት ከየት መጣች፣ ማን ይጠብቃታል፣ ምን አሟት ነው የምትስቀው ብለሽ ሳትጠይቂ መድረክ እንዳትወጪ።

5. መጠበቅን ተማሪ፤ ስትጠብቂ ግን አትቀመጪ። ዴቪድ ኦየሎዎ የተወለደው ኦክስፎርድ ነው፤ በ6 ዓመቱ ወላጆቹ ሌጎስ ወሰዱት፣ ጎረምሳ ሲሆን ወደ ለንደን ተመለሱ። በ2000 በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ሄንሪ ስድስተኛን ሲጫወት፣ በዚያ ትልቅ ቴአትር ቤት የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ የቀረበ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ እሱ ነበር፤ ያጉረመረመም አልጠፋም። በ2007 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ በዚያው ዓመት የ«ሰልማ»ን ስክሪፕት አነበበና ማርቲን ሉተር ኪንግን መጫወት ያለብኝ እኔ ነኝ አለ። ዳይሬክተር ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ኦየሎዎ እስከዚያው በ«ሊንከን» አንዲት አጭር ትዕይንት፣ በ«ዘ በትለር» ደግሞ ሰፋ ያለ ሚና ሠራ። አቫ ዱቬርኔይ ከምትባል፣ ያኔ ብዙም ካልታወቀች ዳይሬክተር ጋርም በ2012 ትንሽ ፊልም ሠርቶ ነበርና «ሰልማ»ን እሷ ትምራው ብሎ የተከራከረላት እሱ ነው። ፊልሙ በ2014 ወጣ። የኪንግ ንግግሮች መብት ለሌላ ተሸጦ ስለነበር አንዱንም መጠቀም አልተቻለም፤ ንግግሮቹ እንደ አዲስ ተጻፉ። ኦየሎዎ ኪንግ ያላሉትን ቃል ሲናገር እሳቸው የተናገሩት እስኪመስል ድረስ ይዞታል፤ እኔ የትወና ብቃት የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ለኦስካር አለመታጨቱ የመራጮቹ ጉድለት ነው፤ የእሱ አይደለም። ስለ አዱባም የምትወጂው ታሪክ አለ፤ ትወናን ልተው ብላ በወሰነችበት ቀን ስልክ ተደወለላት የሚለው። እውነት ነው። ግን ስልኩ የተደወለው ቀድማ ለፈተና ቀርባ ስለነበር መሆኑን አትርሺ።

6. የሌላ ሕዝብ ታሪክ ስትጫወቺ፣ ከጎረቤት ተውሰሽ የለበስሽው የሠርግ ቀሚስ ነውና ተጠንቅቀሽ ያዥው። በ2017 አሜሪካዊው ተዋናይ ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን የአሜሪካ ጥቁሮች ሚና ለምን ለእንግሊዝ ልጆች ይሰጣል ብሎ አጉረመረመ። ኤሪቮም የጥቁር አሜሪካውያን የነጻነት ታጋይ የነበረችውን ሃሪየት ተብማንን እንድትጫወት ስትመረጥ ብዙ ተወቀሰች። ወቃሾቹን አትናቂያቸው፤ ደም የፈሰሰበት ታሪክ ስለሆነ ነው የሚቆጡት። መልሱ ትጋት ነው። ኤሪቮ በ2019 በወጣው በዚያ ፊልም በትወናና በዘፈን ሁለት የኦስካር ዕጩነት አገኘች። ኤጂዮፎር «12 ዓመት በባርነት» ሲቀርብለት ወዲያው እሺ አላለም፤ አመነታ። ከተቀበለ በኋላ ግን የሚጫወተው ሰው፣ ሰለሞን ኖርዘፕ፣ ቫዮሊን ተጫዋች ስለነበር ቫዮሊን ተማረ። በ2019 የወጣውን የማላዊ ፊልሙን ራሱ ሲመራና ሲጫወትም ቺቼዋ ቋንቋ አጠና። የእኛዋም ሩት ነጋ፣ አዲስ አበባ የተወለደችው፣ የቨርጂኒያዋን ሚልድረድ ላቪንግን ተጫውታ ለኦስካር ስትታጭ የሷ ሀገር ታሪክ አልነበረም፤ ግን አክብራ ነው የያዘችው።

7. የሀገርሽን መድረክ አትናቂ። ናይጄሪያ ውስጥ በ1992 ኬኔት ነቤ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ»ን በቪዲዮ ካሴት ሲያወጣ የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም፤ ኖሊውድ የሚባለው ትልቅ ገበያ ያደገው ከዚያ በኋላ ነው። ጄኔቪቭ ናጂ በ2018 «ላየንኸርት»ን ሠራች። ናይጄሪያ ለኦስካር ብትልከው በ2019 ተሰረዘ፤ ምክንያቱ አብዛኛው ንግግር እንግሊዝኛ ነው የሚል ነበር። ቅኝ ገዢው የተወላትን ቋንቋ ብትናገር በሱ ተከለከለች፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ እኔ ፍርድ አልለውም። ፊልሙን ግን ሰው አይቶታል። በ2025 ደግሞ የለንደኑ ሾፔ ዲሪሱ ሌጎስ ሄዶ የተጫወተበት «ማይ ፋዘርስ ሻዶው» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ሆነ። አየሽ፣ አሁን መንገዱ ወደዚያም ይሄዳል፣ ወደዚህም ይመጣል። አማርኛሽን አጥሪ። በአማርኛ አጥርቶ መናገር ያልቻለ ምላስ በሌላ ቋንቋ ሲጠራ አላየሁም።

8. የምትናገሪበትን ጊዜ እወቂ። ቦዬጋ በ2020 ለንደን ሃይድ ፓርክ ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ጥቁሮች ሕይወት ሲናገር፣ ከዚህ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም ብሎ ነው የተናገረው። ሥራ አላጣም፤ በ2021 «ሬድ፣ ኋይት ኤንድ ብሉ» በተባለው ፊልም ጎልደን ግሎብ አገኘ። ግን ልብ በዪ፤ እሱ የተናገረው ሥራውን አሳይቶ ነው። አንቺ ገና ልምምድ ላይ ዘግይተሽ እየመጣሽ ስለ አዘጋጁ ፌስቡክ ላይ አትጻፊ።

ሐሙስ ከሰዓት ልምምድ አለን። ሦስተኛውን ገቢር በቃልሽ ይዘሽ፣ ስልክሽን ቤት ትተሽ ነይ።